የሊዝ መኪና ማይል፦ 10 ሺሕ፣ 12 ሺሕ ወይስ 15 ሺሕ?

የሊዝ መኪና፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ በውል ተከራይተው የሚነዱት መኪና፣ መመለሻው ሲቃረብ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው የማይል ቆጣሪውን ነው። በአሜሪካ ይህ ጉዳይ በአሁኑ ወቅት ብዙ ቤት የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዋጋ ንረት ቅነሳ ሕግ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው ለሚያከራዩ ኩባንያዎች በአንድ መኪና እስከ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ብዙ አከራዮች ቅናሹን ለደንበኛው ስላሳለፉት ወርኃዊ ክፍያው በጣም ወረደ፤ መኪና በሊዝ ይዞ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ፈረመ። ቅናሹ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ቆሟል። በዚያ ጊዜ የተፈረሙት የ24 እና የ36 ወር ውሎች ግን ሁሉም ገና አላለቁም፤ እስከ 2028 ድረስ በየተራ ይደርሳሉ።

በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ወርኃዊ ክፍያው ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ደግሞ ያ ክፍያ የሚሠራው በዓመት 10,000፣ አንዳንዴም 7,500 ማይል ብቻ ለሚነዳ ሰው መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ አሽከርካሪ በአማካይ በዓመት 13,500 ማይል ገደማ ይነዳል። በማስታወቂያው ቁጥርና በሰው ኑሮ መካከል ያለው ይህ ክፍተት መኪናው በሚመለስበት ቀን ወደ ዕዳ ይለወጣል።

ማይል በሊዝ ውስጥ ለምን ይቆጠራል?

ሊዝ ሲባል አገር ቤት ቶሎ የሚታሰበው የከተማ መሬት ነው። የመኪና ሊዝ ከዚያ ይለያል። ተከራዩ ለተወሰነ ጊዜ መኪናውን ይነዳል፤ ባለቤቱ አከራይ ኩባንያው ሆኖ ይቆያል፤ ጊዜው ሲያልቅ መኪናው ይመለሳል ወይም በውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ ይገዛል። ተከራዩ የሚከፍለው የመኪናውን ሙሉ ዋጋ አይደለም፤ መኪናው በእጁ ሳለ የሚቀንሰውን ዋጋና በገንዘቡ ላይ የሚታሰበውን ወለድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። የመጀመሪያው ቀሪ ዋጋ ነው፤ ዲለሮች፣ ማለትም መኪና ሻጮቹ፣ ሪዚጁዋል ይሉታል። ኩባንያው «ይህ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ ገና በፊርማው ቀን የሚያስቀምጠው ግምት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው ከተለጠፈው ዋጋ በመቶኛ ነው። ሁለተኛው መኒ ፋክተር ነው። ወለዱ የሚሰላበት እንደ 0.0025 ያለ ትንሽ ቁጥር ነው፤ በ2,400 ሲባዛ ከዓመታዊ ወለድ ጋር ይቀራረባል። 0.0025 ማለት 6 በመቶ ገደማ ነው።

ማይሉ የሚገባው በቀሪ ዋጋው በኩል ነው። 45,000 ማይል የተነዳ መኪና 30,000 ከተነዳው ያነሰ ያወጣል። ስለዚህ ተከራዩ ብዙ ማይል ሲመርጥ ኩባንያው ቀሪ ዋጋውን በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት በመቶ ዝቅ ያደርጋል፤ ወርኃዊ ክፍያውም በዚያው ልክ ይወጣል። የማይል ጣሪያ የሚባለው እንግዲህ ክልከላ አይደለም፤ ዋጋ ነው። ጥያቄው ማይሉን ዛሬ በርካሽ መግዛት ይሻላል ወይስ በኋላ በውድ የሚለው ነው።

ስሌቱ በአንድ መኪና ላይ

የተለጠፈ ዋጋው 36,000 ዶላር የሆነ መኪና እንውሰድ። ተከራይ ተደራድሮ በ34,000 ተስማማ፤ ውሉ 36 ወር ነው፤ መኒ ፋክተሩ 0.0025። ቀሪ ዋጋው በዓመት ለ10,000 ማይል 60 በመቶ፣ ለ12,000 ማይል 59 በመቶ፣ ለ15,000 ማይል 57 በመቶ ነው እንበል። ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያዎችን ለጊዜው እንተዋቸው።

በ12,000 ማይል ቀሪ ዋጋው 21,240 ዶላር ይሆናል። ከ34,000 ሲቀነስ 12,760 ይቀራል፤ ይህ ለ36 ሲካፈል በወር 354.44 ዶላር የእርጅና ቅናሽ ነው። ወለዱ የሚሰላው 34,000 እና 21,240 ተደምረው በ0.0025 ሲባዙ ነው፤ 138.10 ዶላር። ሁለቱ ሲደመሩ ወርኃዊ ክፍያው 492.54 ዶላር ይመጣል። በዚሁ መንገድ ሲሰላ የ10,000 ማይሉ 483.44፣ የ15,000 ማይሉ ደግሞ 510.74 ዶላር ነው።

ከ12,000 ወደ 15,000 ለመውጣት የሚጨመረው በወር 18.20፣ በሦስት ዓመት 655.20 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ የሚገኘው 9,000 ማይል ስለሆነ አንዱ ማይል በ7.3 ሴንት ገደማ ተገዛ ማለት ነው። በውሉ መጨረሻ የሚጠየቀው የትርፍ ማይል ክፍያ ግን እንደ መኪናው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሴንት ይደርሳል። 25 ሴንት ቢሆን ያው 9,000 ማይል 2,250 ዶላር ያስከፍላል። ማይል የሚያዋጣው ሲፈረም ቢገዛ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ድንበሩን መፈለግ ይቻላል። 655.20 ዶላር በ0.25 ሲካፈል 2,621 ማይል ይሆናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ36,000 ማይል በላይ ከ2,621 በበለጠ የሚያልፍ ሰው 15,000ውን ቢወስድ ይጠቀማል፤ በወር ሲታይ 73 ማይል ብቻ ነው። ያን ያህል የማያልፍ ግን 12,000ውን ወስዶ ትርፉን መጨረሻ ላይ ቢከፍል ይቀለዋል። ይህ ስሌት በማንኛውም መኪና ላይ ይሠራል። የሁለቱን ወርኃዊ ክፍያ ልዩነት በወሩ ብዛት ማባዛት፣ ከዚያ በትርፍ ማይሉ ዋጋ ማካፈል ብቻ ነው። ዲለሩ ጋ ሲሄዱ ሦስቱንም ማይል በወረቀት አስጽፈው ይውሰዱ፤ የአንዱን ብቻ ካዩ ይህን ማስላት አይቻልም። ሁለት ዲለሮችን ሲያወዳድሩም ማይሉ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። አንዱ ረከሰ ብሎ የመጣው ማይሉን ስለቀነሰ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በወሬ የሚነገረውና በውሉ የተጻፈው

«ማይሉ ሲያልቅ መኪናው ይወሰዳል» ይባላል። አይወሰድም፤ ክፍያው በሰዓቱ እስከገባ ድረስ ማይል በማለፉ ብቻ ማንም መኪናውን አይነጥቅም። «በየዓመቱ ካለፈ በየዓመቱ ይከፈላል» የሚባለውም ልክ አይደለም። በተለመደው ውል የሚቆጠረው የሦስቱ ዓመት ድምር ነው። በመጀመሪያው ዓመት 15,000 ነድቶ በሁለተኛውና በሦስተኛው 10,500 የነዳ ሰው በ12,000 ማይል ውል ምንም አይከፍልም።

«ያልነዳሁት ማይል ይመለስልኛል» የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማይሉ በቀሪ ዋጋው በኩል የተጨመረ ከሆነ አይመለስም። አንዳንድ ኩባንያዎች ግን ከመነሻው ጣሪያ በላይ ያለውን ማይል ለብቻው በቅድሚያ ይሸጣሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ያልተነዳውን መጨረሻ ላይ ይመልሳሉ። ስለዚህ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ የጨመርኩት ማይል የገባው በቀሪ ዋጋው ነው ወይስ ለብቻው ተገዝቶ? ለብቻው ከሆነስ የተረፈው ይመለሳል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ መታየት አለበት። በጀርመን በኪሎ ሜትር የሚታሰበው ሊዝ ለዚህ የተሻለ መልስ አለው። ብዙ ውሎች 2,500 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ አያስከፍሉም፣ ከዚያ መጠን በላይ ሳይነዳ ለቀረውም ገንዘብ ይመልሳሉ። የአሜሪካው ውል ከዚህ አንጻር ወደ አከራዩ ያደላ ነው።

ስለ ማይል የተጻፈውን ማግኘት ከባድ አይደለም። በ1976 የወጣው የሸማቾች ሊዝ ሕግና ማስፈጸሚያው ሬጉሌሽን ኤም፣ ውሉ ለማይል ክፍያ የሚያስጠይቅ ከሆነ በዓመት ስንት ማይል እንደተፈቀደና ለትርፉ በማይል ስንት እንደሚጠየቅ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳሉ። የሚፈለገው ከልክ ያለፈ ጉዳትና አጠቃቀምን በሚመለከተው አንቀጽ ሥር ነው። እግረ መንገድ ሲፈረም ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥርም በትክክል መስፈሩን ማየት ተገቢ ነው። ዲለሩ ለሙከራና ለደንበኛ መጠባበቂያ ሲጠቀምበት የቆየ መኪና ሁለትና ሦስት ሺሕ ማይል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ካልተመዘገበ በተከራዩ ላይ ይቆጠራል።

የራስን ማይል መቁጠር

ብዙ ሰው ማይሉን የሚገምተው ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ ብቻ አስቦ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከዉድብሪጅ ቨርጂኒያ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው መንገዱ አንድ ጊዜ 25 ማይል ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 50፣ በዓመት 240 የሥራ ቀን ቢሄድ 12,000 ማይል ሞላ። ለእሱ 12,000 ማይል ማለት ቅዳሜና እሑድ መኪናው አይንቀሳቀስም ማለት ነው፤ ከ15,000 በታች ሊያስብ አይገባም።

አሳሳቹ ግን የቅርቡ ሰው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው መሀል ከተማ ለመድረስ 7 ማይል ገደማ ይበቃዋል፤ በዓመት 3,360 ማይል። «እኔማ አልነዳም» ብሎ 10,000ውን ይወስዳል። አሁን ሌላውን እንጨምር። ልጆችን ማድረስና የሰፈር ጉዳይ በቀን 8 ማይል ቢሆን 2,920 ነው። ቤተ ክርስቲያንና ገበያ በሳምንት 30 ማይል ቢሆን 1,560። ደለስ አየር ማረፊያ ደርሶ መልስ 60 ማይል ገደማ ነው፤ እንግዳ መቀበልና መሸኘት በወር ሁለቴ ቢያጋጥም 1,440። በዓመት አንድ ጊዜ ለሠርግ አትላንታ ቢሄድ 1,280፣ አንድ ጊዜ ለለቅሶ ወይም ለክርስትና ኮለምበስ ኦሃዮ ቢደርስ 800 ማይል ነው። ድምሩ 11,360 ማይል ይመጣል። በሦስት ዓመት ከ30,000 በላይ የሚያልፈው 4,080 ማይል፣ በ25 ሴንት 1,020 ዶላር ነው። ከላይ ባየነው መኪና 12,000ውን ቢመርጥ ኖሮ የሚጨምረው በሦስት ዓመት 327.60 ዶላር ነበር።

ከግምት ይልቅ ወረቀት ይታመናል። ዘይት ሲቀየር የሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ቀኑና ማይሉ አሉ። ሁለት ደረሰኞችን ወስዶ የማይሉን ልዩነት በመካከላቸው ባለው ወር ማካፈል፣ ከዚያ በ12 ማባዛት በቂ ነው። የሚመረጡት ደረሰኞች ቢያንስ አንድ ዓመት የተራራቁ ይሁኑ፤ የብርዱ ሦስት ወር ብቻ ከታየ የሙቀቱ ወራት ጉዞ አይገባበትም። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ በጁላይ መግቢያ አካባቢ፣ ከተማው እየተቀያየረ በሚደረገው የእግር ኳስ በዓል ላይ ይገናኛሉ፤ ብዙ ቤተሰብ በመኪና ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጉዞ ብቻውን የአንድ ወር ኮታ ሊጨርስ ይችላል።

በዚህ ላይ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት የሚለወጠው ይጨመር። ቤት ገዝቶ ወደ ሩቅ ሰፈር መውጣት፣ ከቤት መሥራት ቀርቶ ቢሮ መመለስ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ቆጣሪውን ያፈጥነዋል። በአንጻሩ ሁለተኛ መኪና ላለው ቤተሰብ ረጅሙን መንገድ በራሱ መኪና እየሄደ የሊዙን ለከተማ መተው ይቻላል፤ ለእንዲህ ያለው ቤት 10,000 ማይል በእውነት ሊበቃ ይችላል።

ዋስትናውም ከማይል ጋር የተያያዘ ነው። የብዙ አምራቾች መሠረታዊ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፤ የቀደመው ሲደርስ ያበቃል። በዓመት 15,000 የሚነዳ ሰው የመጨረሻውን 9,000 ማይል ያለዚህ ዋስትና ሊነዳ ይችላል ማለት ነው። 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል የሚሰጡ አምራቾች ስላሉ ብዙ የሚነዳ ሰው ይህን ቢያወዳድር ይጠቅመዋል።

«ትንሹን ልውሰድ» የሚሉ ሰዎች ክርክር

ዝቅተኛውን ማይል መውሰድ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። የሚያቀርቡት ክርክር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ገንዘቡ ሦስት ዓመት በእጄ ይቆያል፣ ደግሞም ላላልፍ እችላለሁ የሚል ነው። ማይሉ በእርግጥ አጠራጣሪ ከሆነና ልዩነቱ ከላይ ካየነው ድንበር በታች ከሆነ ትክክል ነው። ችግሩ ተቆጥቦ መቆየት የነበረበት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አለመቀመጡ ነው። በወር 18 ዶላር የማይከብደው ሰው በአንድ ቀን 2,250 ዶላር ሲጠየቅ ይደነግጣል።

ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው፦ መኪናውን መጨረሻ ላይ እገዛዋለሁ፣ ስለዚህ ማይሉ አያገባኝም። በተለመደው ውል መኪናውን ለገዛ ሰው የትርፍ ማይል ክፍያ አይጠየቅም። ማይሉ የቱም ቢሆን ወጪው ተቀራራቢ ነው። በምሳሌያችን 10,000ውን የመረጠ ከ15,000ው ይልቅ በሦስት ዓመት 982.80 ዶላር ያነሰ ይከፍላል፤ የሚገዛበት ዋጋ ግን በ1,080 ዶላር ይበልጣል። ልዩነቱ 97 ዶላር ብቻ ነው፤ የመጣውም ከፍ ባለው ቀሪ ዋጋ ላይ ከሚታሰበው ወለድ ነው። እንግዲህ በእርግጠኝነት ለሚገዛ ሰው የማይሉ ምርጫ ብዙ ለውጥ አያመጣም። አደጋው ሐሳቡ ሲለወጥ ነው።

የመግዛት በር ለምን ጠበበ?

በ2021 እና በ2022 የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት አዲስ መኪና ሲያጠፋ የአሮጌ መኪና ዋጋ ተተኮሰ። ውሉ ላይ የተጻፈው ቀሪ ዋጋ ከገበያው በታች ሆነ። ማይሉን በብዙ ያለፈ ሰው እንኳን መኪናውን በውሉ ዋጋ ገዝቶ፣ ቅጣቱን አምልጦ፣ አንዳንዱም ሸጦ አተረፈ። «ማይል አትፍራ፣ ትገዛዋለህ» የሚለው ምክር በብዛት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። የአዲሱ ዋጋ ሲቀንስ የአሮጌውም አብሮ ስለወረደ፣ ውሉ ላይ ያለው ቀሪ ዋጋ ከገበያው በላይ ሆኖ ይገኛል። የምሳሌያችን መኪና በውሉ 21,240 ዶላር ተጽፎ ገበያ ላይ 17,000 ቢያወጣ፣ 6,000 ማይል ያለፈ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። 1,500 ዶላር ከፍሎ መመለስ፣ ወይም ያንን ለማምለጥ ከገበያው 4,240 ዶላር ጨምሮ መግዛት። ሁለተኛውን የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ ቅጣት የሚለው ቃል ስለሚያስፈራ ብቻ ትልቁን ኪሳራ ይወስዳሉ። በዚህ ሁኔታ መመለሱ ይሻላል። የዋጋውን መውረድ የሚሸከመው አከራዩ ነው፤ ሊዝ ለተከራዩ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው።

ስለዚህ ከመመለሱ በፊት መኪናው ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ከሁለት ሦስት ቦታ ማስገመት ያስፈልጋል። ገበያው ከቀሪ ዋጋው በላይ ከሆነና መኪናው ከተፈቀደው ያነሰ ማይል ከነዳ፣ ያ ያልተነዳ ማይል እዚህ ላይ ገንዘብ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ አከራዮች መኪናው ለሌላ ድርጅት እንዲሸጥ አይፈቅዱም፤ የራሳቸው ዲለር ብቻ ነው የሚገዛው፤ ይህንንም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ኡበርና ሊፍት በሊዝ መኪና

ይህ ነጥብ በማያሻማ መልኩ መነገር አለበት። አብዛኛው የግል ሊዝ ውል መኪናውን ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ ለማጓጓዝ መጠቀምን ይከለክላል። ማይሉ ደግሞ ብቻውን ያከስራል። በቀን 120 ማይል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት የሚሠራ ሰው 30,000 ማይል ይነዳል። በ12,000 ማይል ውል በሦስት ዓመት 54,000 ማይል ትርፍ ይሆናል፤ በ25 ሴንት 13,500 ዶላር። ውል ማፍረሱና ለግል የተገባ ኢንሹራንስ አደጋ ሲደርስ አልከፍልም ሊል መቻሉ ሲጨመርበት መንገዱ የተዘጋ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በብድር የተገዛ መኪና ወይም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ኪራይ ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ

በ12,000 ማይል ውል የወር ኮታው 1,000 ነው። በ18ኛው ወር ቆጣሪው 21,000 ካሳየ በዚያው ፍጥነት ሲቀጥል 42,000 ይሆናል፤ ትርፉ 6,000 ማይል፣ 1,500 ዶላር። ያኔ ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል። አከራዩ ጋ ደውሎ በውሉ አጋማሽ ማይል ይሸጥ እንደሆነ መጠየቅ አንዱ ነው፤ አንዳንዶቹ ይሸጣሉ፣ ውሉ ሊያልቅ ሲል ግን እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ካልሸጡ በቀሩት 18 ወራት በየወሩ 83 ዶላር ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው ረጅሙን ጉዞ በሌላ መኪና ማድረግ ነው። 1,280 ማይል በሊዙ መኪና መሄድ በትርፍ ማይል ብቻ 320 ዶላር ነው፤ ለሦስት ቀን ማይል የማይቆጠርበት ኪራይ መኪና ከዚህ በታች ከተገኘ መከራየቱ ያዋጣል። ቆጣሪን መነካካት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ያንን የሚመክር ሰው ካጋጠመ ፈጽሞ አይስሙት።

ከመመለሻው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት ብዙ ኩባንያዎች ነፃ ምርመራ ያደርጋሉ። ብዙ የነዳ መኪና ጎማውም ያለቀ ነው፤ ብዙ ውሎች የጎማው ጥርስ ቢያንስ ከኢንች አንድ ስምንተኛ እንዲሆን ይጠይቃሉ። የኤሌክትሪክ መኪና በክብደቱ የተነሳ ጎማ ቶሎ ይጨርሳልና ይህ በተለይ ይታይ። በመመለሻው ቀን በፌዴራል ሕግ መሠረት ተከራዩ የቆጣሪውን ቁጥር ጽፎ ይፈርማል። ፊርማው ላይ የሰፈረውን ቁጥር ከቆጣሪው ጋር አስተያይቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቆጣሪውን ፎቶ አንስቶ፣ ዲለሩ የፈረመበትን ቅጂ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሂሳብ በፖስታ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ቁጥሩ ቢያከራክር ማስረጃው ያ ፎቶና ያ ቅጂ ነው።